ቦታ ያዦቹ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ፤ ማንም ተነስቶ "አላየሽም" ሊለኝ አይችልም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ናይሮቢ መሃል፣ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ...

ጨለማ የለ፣ መቃብር የለ። ሰው እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስበት ቦታ ነው።

እታለማሁ እባላለሁ። ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል፣ ትንሽ ምግብ ቤት አለችኝ። ብዙም አልተማርኩም፤ አጻጻፌ ላይ ስህተት ካያችሁ እለፉኝ።

ባሌ ስዩም የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። አንድ ቀን መሪ እንደያዘ ግማሽ ጎኑ ከዳው። ቀኝ እጁ ሞተ። ምላሱ ተሳሰረ።

ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት... አልጋው አጠገብ ባለች ዱካ ላይ እየተቀመጥኩ ማጉረስ፣ ማገላበጥ፣ ማጠብ። ዱካዋ ራሷ ደክሟት አንድ እግሯ ተሰብሯል፤ በሽቦ አስሬያታለሁ።

ልጃችን ሊና ናይሮቢ ፀጉር ቤት ትሠራለች። "እማዬ፣ አንቺም ልትወድቂ ነው። መጥተሽ እረፊ፣ ከተማም እዪ" እያለች ነዘነዘችኝ።

ስዩምም በዚያች በተሳሰረች ምላሱ "ሂ...ጂ" አለኝ። ደህና ሳለ "ናይሮቢን በመስኮት አሳይሻለሁ" ይለኝ ነበር። ሳያሳየኝ ወደቀ።

ሠራተኛዬን ኮኪን "ዓይንሽ ከሱ ላይ እንዳይነሳ" ብያት ሄድኩ። ልቤ ግን ዱካዋ ላይ ቀረ። እኔ በሌለሁበት አንድ ነገር ቢሆንስ?

ሊና ሥራ ስትሄድ "ቤት ዋዪ፣ እሁድ አብረን እንዞራለን" አለችኝ።

"ቤት ለመዋል ሞያሌ ምን አነሰኝ?" ብዬ ጫማዬን አጠለቅኩ።

"አይ ያንቺ ነገር! በይ ስሚኝ፣ ማታቱ ሙሉ ሲመስልሽ አትቸኩዪ። ሊሄድ ነው እንዲባል ሰው ቀጥረው ያስቀምጣሉ። ቦታ ያዦች ናቸው። እውነተኛ ተሳፋሪ ሲመጣ እየተነሱ ይወርዳሉ።"

"ተቀምጦ መዋል ሥራ ሆኖ ነው?"

"ሥራ ነው።"

"ምነው ለኔም በሰጡኝ" አልኩ። ሳቅን።

እኛ ሞያሌ ባዶ መኪና ውስጥ ከገባህ ፀሐይ ትጠልቅብሃለች። የሞላውን ነው የምንመርጠው። እኔም የሞላውን መረጥኩ።

ስገባ ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጋ፣ አንዲት ሴትዮ ተነሳችልኝ። በኔ ዕድሜ ነች። ነጠላ አጣፍታለች። የሀገሬ ሰው!

"ተቀመጪ" አለችኝ በአማርኛ። ወረደች።

ተቀመጥኩ።

ወንበሩ ቀዝቃዛ ነበር...

አሁን ሰው የተነሳበት ወንበር ይሞቃል አይደል? ይሄ በሌሊት ውጭ ያደረ ድንጋይ ነው።

እኔ መቼም ዝም ብዬ አልፋለሁ። የዚያን ቀን ከተማውን አየሁ። የመኪናው መስመር እስከሚያበቃበት ሄጄ ሳልወርድ እመለሳለሁ። ፎቁ፣ ጩኸቱ፣ ዛፍ ላይ እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው የቆሙት ትላልቅ አሞራዎች... ሁሉንም በመስኮት። እግሬ ስላበጠ ለኔ ተስማማኝ።

በማግስቱ ሌላ መስመር፣ ሌላ መኪና ያዝኩ።

ሦስተኛው ወንበር ላይ ያቺው ሴትዮ።

ተነሳችልኝ። ወንበሩ ቀዝቃዛ።

በሦስተኛው ቀን በእልህ ከከተማው ጫፍ ከማላውቀው ቦታ ተሳፈርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።

እዚያው ነች።

አሁን ግን አልተነሳችም። ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ።

"ደክሞሻል" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ደክሞኛል እህቴ። አራት ዓመት ሙሉ።"

"ቤት ማን አለ?"

"ባሌ። የአልጋ ቁራኛ ነው።"

ጆሮዬ ጋ ጠጋ አለች። ቀጥላ...

"ቦታሽን ልያዝልሽ?"

"የቱን ቦታ?"

"አልጋው አጠገብ ያለውን። በሽቦ የታሰረችውን ዱካ።"

ስለ ዱካዋ አልነገርኳትም። ማንም አልነገራትም።

መደንገጥ ነበረብኝ። ግን እናንተ ድካም አታውቁም... ድካም ሰውን ፍርሃት እንኳ ያስረሳዋል። ሳቄ መጣ።

"ያዥልኝ እስቲ!" አልኳት፣ በቀልድ።

ተነስታ ወረደች። መኪናው ግን እየሄደ ነበር። በሩም አልተከፈተም።

ዞር ብዬ ኮንዳክተሩን በሰባራ ስዋሂሊዬ "ያቺ ሴትዮ የት ሄደች?" አልኩት።

"ማማ፣ ከገባሽ ጀምሮ ብቻሽን ነሽ" አለኝ።

ስልኬ ጮኸ። ኮኪ ናት። ትንሾካሾካለች።

"እትዬ... መቼ ደረሱ?"

"የት?"

"እዚህ ነዋ። ጋሼ አጠገብ ተቀምጠዋል። በበሩ ጀርባዎን እያየሁ ነው... ቤቶች ብልዎ ዝም አሉኝ።"

"ኮኪ፣ እኔ ናይሮቢ ነኝ።"

ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች።

"ታዲያ ይቺ ማናት?"

"ስዩምስ?"

"እየሳቁ ነው እትዬ... እየሳቁ ነው።"

ስዩም ከወደቀ ወዲህ ስቆ አያውቅም።

ሊና "ኮኪን አታውቂያትም? ቀልዷን ነው" አለችኝ። አልሰማኋትም። ሲነጋ የሞያሌ አውቶብስ ውስጥ ነበርኩ። ኮኪ ደግሞ ስልክ አታነሳም።

ቀኑን ሙሉ ያ በረሃ አያልቅ። "አደራህን አንተ ጌታ፣ በቀልድ ነው ያልኩት፣ በቀልድ ነው" እያልኩ ነው የሄድኩት።

ሶሎሎ መገንጠያን እንዳለፍን፣ ከፊት ለፊታችን አንድ ማታቱ መጣ። እንደ ከተማዎቹ በሥዕል ያበደ። እንዲህ ያለው እኛ መንገድ ላይ አይመጣም።

ወደ ደቡብ ነው የሚሄደው። ሙሉ ነው።

መስኮቱ ጋ ሰማያዊ የሹራብ ኮፍያ ያደረገ ሰው በረሃውን ያያል። እንደ ሀገር ጎብኚ፣ አፉን ከፍቶ።

ኮፍያውን ለስዩም የሠራሁት እኔ ነኝ።

አየኝ። እጁን አውለበለበልኝ።

ቀኝ እጁን...

"አይደለም" አልኩ ለራሴ። "ኮፍያ ይመሳሰላል፤ ሰውም ይመሳሰላል።"

ሞያሌ ስደርስ ፀሐይዋ ልትገባ ነው። ኮኪን ግቢው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል።

"ስልክ ለምን አታነሺም?"

"ውስጥ ትቼው ወጣሁ። እኔ እዚያ ቤት አልገባም እትዬ። ቢገድሉኝም አልገባም።"

ገባሁ።

ዱካዬ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። የኔን ቀሚስ ለብሳለች።

ሳታየኝ ተነሳች። በአጠገቤ ስታልፍ "መጣሽ" አለችና ወጣች። ግቢው ውስጥ ኮኪ ስትጮህ ሰማሁ።

ዱካዬ ላይ ተቀመጥኩ። ቀዝቃዛ ነው። ይሁን፣ ቦታዬን ለቀቀችልኝ። ስዩምም አለ።

"ስዩም..."

ዞረ። ፈገግ አለ።

"እታለም፣ ከተማው እንዴት ነበር?"

ጥርት ያለ አማርኛ! አለቀስኩ። ተንበርክኬ ቀኝ እጁን ያዝኩት። እጄን ጨበጠኝ... ጠበቅ አድርጎ።

እጁ በሌሊት ውጭ ያደረ ድንጋይ ነው።

ለመላቀቅ ሞከርኩ። አለቀቀኝም። ረጋ ብሎ፣ እንደ ጨዋ ሰው፣

"አይዞሽ" አለኝ። "እሱ ሲመለስ እነሳለታለሁ።"

ይኸው ሳምንት ሞላው። ጎረቤቱ "ተአምር ነው፣ እግዜር ይመስገን" እያለ ይመጣል። እሱም ሁሉንም በቀኝ እጁ ይጨብጣል። ሲወጡ መዳፋቸውን ሲያሻሹ አያለሁ።

ምግብ አይቀምስም። እንቅልፍ የለውም። ኮኪም ወጥታ ቀርታለች።

ሊና "እማዬ፣ ነይ ከዚያ ቤት ውጪ" ትለኛለች። አልወጣም! እኔ ከሄድኩ ስዩም ሲመለስ ማን ይቀበለዋል? ዱካዬ ላይስ ማን ይቀመጣል?

በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከአልጋው ብድግ ይላል፤ ማታቱ ውስጥ ሰው ሲመጣ እንደሚነሱት። በሩን አይቶ "መጣ ብዬ ነበር" ይልና ይጋደማል።

ዛሬም ብድግ አለ።

አልተጋደመም።

አንሶላውን በእጁ አስተካከለ። በአጠገቤ አልፎ ወጣ።

በሩ ላይ ማንም የለም። መንገዱም ላይ መኪና አልቆመም።

ፍራሹ ግን... ሰው ሲቀመጥበት እንደሚሆነው ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ሲጎደጉድ አየሁት።

እጄን ዘርግቼ ነካሁት።

ይሞቃል።