ለመጨረሻው ምሽት ራት የሚለበስ

ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወደ ባሕሩ ማዘንበል ስትጀምር፣ በመርከብ ክፍላቸው በር ሥር በየቀኑ አንዲት ወረቀት ትገባለች። ወረቀቷ ለማታው ራት ምን ዓይነት ልብስ እንደሚለበስ የምትናገር ናት። ትርሲት እንግሊዝኛውን አጥርታ ስለማታነብ ወረቀቷን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ትወጣና ክፍሎቹን የምታጸዳውን ስንታየሁን ትፈልጋለች። ስንታየሁ የደሴ ልጅ ናት። ትርሲት ከባልዋ ሌላ በዚያ ትልቅ መርከብ ላይ አማርኛ የሚሰማ ሰው ስላላገኘች፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ እህት ቀርባታለች።

በመጀመሪያው ቀን ስንታየሁ ወረቀቷን አየት አድርጋ፣ ዛሬ ቀለል ያለ ነው፣ በቁምጣና በፒጃማ አትምጡ እንጂ ያገኛችሁትን ልበሱ ነው የሚለው አለቻት። በሁለተኛው ቀን ጸዳ ያለ እንደሚለበስ፣ በመጨረሻው ምሽት ደግሞ ወንዱ ሱፍ በከረባት፣ ሴቷ ረጅም የራት ቀሚስ ካልሆነም የአገር ልብስ መልበስ እንዳለባቸው ነገረቻት። "እዚህ ሰው የሚበላው ለመጥገብ አይደለም፣ ለመታየት ነው" ብላ ሳቀች። ትርሲትም ሳቀች። መታየት አትጠላም። አዳማ ውስጥ የሌሎችን ሴቶች ፀጉር ለሠርግ ስታሳምር ኖራ፣ እሷ ራሷ የታየችበት ቀን ጥቂት ነበር።

ባልዋ ጌታነህ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ዕድሜው ትንሽ ገፋ ያለ፣ ዝምተኛ፣ ደግ ሰው ነው። ከዱባይ ተነስቶ በባሕረ ሰላጤው ወደቦች እየዞረ የሚመለሰውን ይህን ጉዞ ሲያዘጋጅ ለሷ ብሎ መሆኑን ተጠራጥራ አታውቅም ነበር። ግን በመጀመሪያው ማታ፣ መርከቡ ከወደቡ ሲላቀቅና የከተማው መብራት እያነሰ ሲሄድ፣ የመርከቡን የብረት አጥር ተደግፎ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ "ፀዳለ ባሕር ሳታይ ሞተች። አሳይሻለሁ ብያት ነበር" አለ።

ፀዳለ የመጀመሪያ ሚስቱ ናት። ትርሲት በፎቶግራፍ እንጂ በአካል አታውቃትም። የገቡበት ቤት መጋረጃ የፀዳለ ምርጫ ነው፣ ጓሮው ውስጥ ያለውን ሎሚ የተከለችው ፀዳለ ናት፣ እነዚህን ሁሉ ችላለች። አሁን ግን ያ ዳር የሌለው ጥቁር ውኃ፣ ከእግሯ ሥር ያለማቋረጥ የሚያጉረመርመው ሞተር፣ አልጋው ላይ በስዋን፣ በአንገተ ረጅሟ የውኃ ወፍ ቅርጽ የታጠፈው ፎጣ ሳይቀር የሌላ ሴት ተራ እንደነበር ተረዳች። ደረቷ ውስጥ አንዳች ትንሽ ነገር እንደ ትኩስ ጠጠር ተቀመጠ።

በዚያ ማታ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ወረደች። የመመገቢያው አዳራሽ በመብራት ተጥለቅልቋል፣ የሹካና የቢላዋ ድምፅ ከሩቅ እንደሚሰማ ዝናብ ያለማቋረጥ ይንጠባጠባል፣ ምንጣፉ የሰውን እርምጃ ስለሚውጥ አስተናጋጆቹ ድንገት ከጎን ብቅ ይላሉ። ጌታነህ ሾርባውን እያማሰለ ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ ያያል። መጀመሪያ ባሕሩን የሚያይ መስሏት ነበር። ቆይታ ስትዞር ግን በወዲያኛው ጥግ፣ ከምሰሶው አጠገብ፣ ጀርባዋን የሰጠች ነጭ የለበሰች ሴት አየች። ያገር ልብስ ነው። ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ አንገትና ጉንጯ አድርጋ ተከናንባለች። ትርሲትን ገረማት። ሰው የሞተበት ሰው እንዲያ እንደሚለብስ ልጅም ያውቃል፤ በደስታ ጊዜ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ በሐዘን ወደ ጉንጭ ይወጣል። ሐዘን ላይ ያለች ሴት መዝናኛ መርከብ ላይ ምን ትሠራለች?

ማንን እያየ እንደሆነ ጠየቀችው። "ማንን አየሁ?" አለና ሾርባውን መጠጣት ጀመረ። እንደገና ዞራ ስታይ ወንበሩ ባዶ ነበር፤ ከተሞላው አዳራሽ ውስጥ ያ ጠረጴዛ ብቻ ሻማው አልተለኮሰም።

በሁለተኛው ቀን ለራት ለመዘጋጀት ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ፈጀች። ለዚህ ጉዞ ብላ ያሠራችውን ቀይ ቀሚስ ለበሰች፣ ፀጉሯን ከፍ አድርጋ ሠራች፣ አንገቷ ላይ ሽቶ ነካ አደረገች። ከመታጠቢያው ክፍል ስትወጣ ጌታነህ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። እንዴት ነው አለችው። ቀና ሳይል ጥሩ ነው አላት። የምትፈልገው ብዙ አልነበረም፤ ፀዳለን ሲያስታውስ ባሕሩን እንዳየ፣ እንደዚያ አድርጎ አንድ ጊዜ እሷን እንዲያያት ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያ ካያት ሌላው ሁሉ ይቀርላታል። ካላያት ግን እስከ መቼም በሰው ቤት እንደተጠጋች እንግዳ እንደምትኖር ታወቃት።

ማታ ሴትዮዋ ቀረብ ብላ ነበር። በመካከላቸው ሁለት ጠረጴዛ ያህል ይሆናል። አሁንም ጀርባዋን ሰጥታለች፣ ከፊቷ ያለው ሳህን አልተነካም፣ አስተናጋጁ ዕቃ ሲያነሳ ጠረጴዛዋን እንደሌለ አልፎት ይሄዳል። መርከቡ በዝግታ ዘንበል ባለ ቁጥር ከዚያ በኩል የሆነ ሽታ ይመጣል። ቁምሳጥን ውስጥ ከልብስ ጋር ታጥፎ የከረመ አሪቲ ይሸታል፤ ከሥሩ ደግሞ፣ መሬት ካዩ ድፍን ቀን ባለፈበት ቦታ፣ ዝናብ ያራሰው አፈር ይሸታል። ጌታነህ ሹካውን አስቀምጦ ያንን አየር በአፍንጫው ቀስ ብሎ ሲስብ አየችው። ዓይኖቹን ጨፍኖ ነበር። ትርሲት ቀይ ቀሚሷን በጉልበቷ ላይ ጨምድዳ ያዘችና፣ ፈርታ ሳይሆን ቀንታ፣ ያችን ሴት ጠላቻት።

በማግስቱ ጠዋት ስንታየሁ አንሶላ እያነጠፈች፣ ያች ሰው የሞተባት ሴት እናታችሁ ናት ወይስ እህታችሁ ብላ ጠየቀቻት። ትርሲት የቷ አለች።

"በራችሁ ላይ ቆማ የምትጠብቀው። ነፍስ ይማር ብያት ዝም አለችኝ። እንግዳ ትሆናለች ብዬ ተውኳት።"

ትርሲት ከኛ ጋር ማንም የለም አለቻት። ስንታየሁ አንሶላውን እንደያዘች ወደ በሩ ዘወር ብላ አየች። ከዚያ በኋላ ስለሌላ ነገር አወራች፤ ሥራዋን ግን ቶሎ ጨርሳ ሄደች፣ በሩንም እንደ ወትሮው አልዘጋችውም።

የመጨረሻው ምሽት ወረቀት ሲመጣ ማስነበብ አላስፈለጋትም። ጌታነህ ፀጉሩን ሊስተካከል ወደ ላይኛው ፎቅ ወጥቶ ነበር። ከረባቱን በካውያ ልትተኩስለት ብላ ሻንጣውን ስትከፍት፣ ከሱፉ ሥር፣ በንጹሕ ሻሽ የተጠቀለለ ነገር እጇ ገባ። ገና ሳትፈታው አሪቲው ሸተታት። የሐበሻ ቀሚስ ነበር፤ አንድም ቀን ያልተለበሰ፣ ደረቱ ላይ በውኃ ሰማያዊ ክር የተጠለፈ፣ ከነነጠላው።

የፀዳለን ልብስ ሁሉ በአርባዋ ለቤተ ክርስቲያንና ለነዳያን ሰጥቻለሁ ብሎ ነበር የነገራት። በአገራቸው የሟች ልብስ ቤት አይከርምም፤ ባለቤቱ ይመለስበታል ይባላል። ይህ ግን ከርሟል። ለባሕሩ ጉዞ የተሰፋው ይህ ነው፤ ይህንን ማንም ሳይነግራት አወቀች። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ልብሱን አቅፋ፣ ከግድግዳው ጀርባ የሚያጉረመርመውን ሞተር እየሰማች ብዙ ቆየች። ልትቀደው አሰበች። በመስኮቱ ልትጥለው አሰበች፤ መስኮቱ የሚከፈት አልነበረም። ከዚያ የራት ቀሚሶቿን አልጋው ላይ ዘረጋቻቸው፤ ቀዩን፣ ሰማያዊውን፣ ከአማቷ ልጅ የተዋሰችውን ጥቁር። ሦስቱም ጌታነህ እያየ የማያያቸው ጨርቆች ነበሩ። ነጩን አነሳች።

ቀሚሱ ልክ ሆናት። እንዲያውም ከልኳ በላይ ልክ ነበር፤ የእጅጌው ስፌት ሳታንቀሳቅሰው ክንዷ ላይ ቦታውን ያዘ፣ ወገቡም ሰው ከኋላ እንደሚያስተካክለው ቀስ ብሎ ገጠመ። ነጠላው ደረቅ መስሎ ይታይ እንጂ ቆዳዋን ሲነካት ቀዝቃዛ ነበር፣ ከክብደቱም ውኃ የጠጣ ይመስላል። ጥለቱን በጥንቃቄ ወደ ታች አወረደችው። መስታወቱ ፊት ቆማ ሦስት ጊዜ አረጋገጠች። ቁምሳጥኑ ውስጥ ባዶዎቹ ማንጠልጠያዎች፣ መርከቡ ሳይወዛወዝ፣ እርስ በርስ ተነካኩ።

ጌታነህ በሩን ከፍቶ ገባና ቆመ። አያት። እንደዚያ ሆኖ የሚያያት ቀን ይኖራል ብላ ተስፋ አድርጋ አታውቅም ነበር፤ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ አንድ እርምጃ ወደሷ መጣ።

"መጣሽ" አላት።

ትርሲት ክንዱን ያዘችና አብረው ወረዱ።

አዳራሹ ውስጥ ወንዶቹ ሁሉ ጥቁር ሱፍ፣ ሴቶቹ ምንጣፍ የሚጠርግ ቀሚስ ለብሰዋል። ሰው ዘወር እያለ አያት። ከምሰሶው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ባዶ ነበር፣ በመካከል ያሉት ጠረጴዛዎችም ሁሉ በእንግዶች ተሞልተዋል፣ ነጭ የለበሰ ከሷ በቀር አልነበረም። አሸነፍኩሽ አለች በልቧ። ጌታነህ ያወራል፣ ይስቃል፣ ሥጋውን ቆርጦ ሹካውን ወደ አፏ ያቀርብላታል። ፈረንጆቹ ፊት ያጎርሳታል። ሐይቅ ዳር ዝናብ የያዘንን ቀን ታስታውሻለሽ ይላታል፣ ያ ሹፌር ጃንጥላውን ሰጥቶን እሱ ሲበሰብስ። ትርሲት ራሷን እየነቀነቀች ትስቃለች። ሐይቅ ዳር ከሱ ጋር ሄዳ አታውቅም። እናትሽ በሩ ላይ ቆመው ይላል፤ እናቷ እሱን ሳያውቁት ነው የሞቱት። እያንዳንዱ ቃል ይጣፍጣል፣ እያንዳንዱም ለሌላ ሰው የተላከ ነው። ያ ትኩስ ጠጠር ከደረቷ ወደ ጉሮሮዋ ወጣ፣ መቻልም አቃታት።

"እኔ ትርሲት ነኝ" አለችው።

ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ። አልተቆጣም። ልጅ ሲያጠፋ እንደሚጠየቅ በለሰለሰ ድምፅ፣ "አውቃለሁ። ታዲያ የሷን ለምን ለበስሽ?" አላት።

ከዚያም ዓይኑ ከሷ ተነስቶ ከትከሻዋ በላይ አለፈ። የአሪቲው ሽታ አሁን ከልብሷ ሳይሆን ከኋላዋ መጣ፣ እርጥቡም አፈር አብሮት፣ በጣም ቅርብ ሆኖ። ዞረች። ወደ መርከቡ ሰገነት የሚያስወጣው የመስታወት በር ጋ፣ ግማሽ መብራት ግማሽ ጨለማ ውስጥ፣ ያች ሴት ቆማለች። ፊቷ ከመስታወቱ ነጸብራቅ ጋር ስለተቀላቀለ በደንብ አይታይም፤ እጆቿ ግን ይታያሉ። ረጃጅምና ጠይም እጆቿ ነጠላዋን ከጉንጯ ላይ ያነሳሉ፣ ያዞራሉ፣ እንደ ሙሽራ ሳይቸኩሉ ጥለቱን ወደ ታች ያወርዳሉ፤ ሐዘኗ እንዳለቀላት ሴት።

ጌታነህ ተነሳ። የአፉን መጥረጊያ አጥፎ ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠ፣ ከረባቱን አቀና፣ የሱፉን ደረት በመዳፉ አለሰለሰ። ለራት እንዲህ ተጠንቅቆ ሲለብስ ያየችው ገና አሁን ነበር።

"እመጣለሁ" አላት።

ልትይዘው እጇን ዘረጋች፤ ነጠላው ግን ከብዷት ክንዷ ከጠረጴዛው ከፍ አላለም። በሩ ሲከፈት የባሕሩ ድምፅ ገብቶ የሹካውንና የሰውን ድምፅ ለአፍታ ዋጠው። ሲዘጋ መስታወቱ ውስጥ የሚታየው የአዳራሹ መብራት ብቻ ነበር።

ቁጭ ብላ ጠበቀችው። ሻማቸው ጠፋ፣ አስተናጋጁም ጠረጴዛቸውን አልፎት ሄደ። በዚያ ምሽት አዳራሹ ውስጥ እንድታግዝ የተመደበችው ስንታየሁ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ በአጠገቧ ስታልፍ አየቻትና ቆመች። ትሪውን ባገኘችው ወንበር ላይ አኖረች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝቅ አለች፣ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

"እግዚአብሔር ያጥናሽ እህቴ" አለቻት። "መቼ ሰማሽ?"

ትርሲት ምኑን ልትላት አፏን ስትከፍት፣ ከወረዱ ጀምሮ ያልነካችው የነጠላው ጥለት፣ ቀዝቃዛና እርጥብ ሆኖ፣ ጉንጯ ላይ ነበር፤ ውጭ ሰገነቱ ላይ ግን ገና ማንም ሰው ባሕር ገባ ብሎ አልጮኸም።