ከአጀንዳ ውጭ

«ከአጀንዳ ውጭ ነው፤ ተቀመጪ» አለች ፀዳለ፣ ጠረጴዛውን በእጇ መታ መታ እያደረገች።

ውቢት አፏን እንደከፈተች ቀረች። የተማሪዎቹ የውይይት ክበብ የተሰበሰበው፣ ቅዳሜ ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለውን የትምህርት ቤቱን የሙዝ ማሳ ለማረም ማን እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚቀር ለመወሰን ነው። እሷ ግን «ወንድሜ ጦር ግንባር ነው...» ብላ ጀመረች። ሙዝና ግንባርን ምን አገናኛቸው? ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። ፀዳለ ሰብሳቢ ናት፤ ሥርዓት በማስከበሯ ማንም ሊወቅሳት አይችልም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ፀዳለ ቀንታለች። ውቢት ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ ሹም ልጅ ናት፤ አማርኛዋ እንደ ውሃ ይወርዳል። እሱስ ይሁን። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከፀዳለ ጋር አንድ ዴስክ የተጋራችው አስቴር ግን፣ ዘንድሮ ደብተሯን ሰብስባ ውቢት ጎን ሄዳለች። ይህ ነው አልዋጥላት ያለው።

አስቴር እጇን አወጣች።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ የወንድሟ ወሬ ከጠፋ ከርሟል። እናቷ በጭንቀት ታመዋል፤ ጥላቸው መውጣት አትችልም። ቅዳሜ እቀራለሁ ልትል ነበር።»

የፀዳለ ፊት ጋለ። ከአጀንዳ ውጭ አልነበረችም ማለት ነው። ይበልጥ ያንገበገባት ግን አስቴር ይህን ሁሉ ማወቋ ነው። ድሮ አስቴር የሰማችውን ሁሉ ቀድማ የምትነግረው ለእሷ ነበር።

«እንግዲህ ተናገርሽላት፤ በቃ። ወደሚቀጥለው እንለፍ።»

«እንዴት በቃ?» አለ ኦይታ፣ የዶርዜው ልጅ። «እኛ ጋ ሽማግሌዎች ለሸንጎ ዱቡሻ ላይ ሲቀመጡ፣ የጀመረ ሰው ሳይጨርስ ሌላ ነገር አይነሳም። ነውር ነው።»

«ይሄ ዱቡሻ አይደለም፤ አታካብድ» አለችው ፀዳለ።

ዱቡሻውን ግን ታውቀዋለች። ወደ ገረሴ ከአያቷ ጋር ሄዳ፣ አደባባዩ ላይ የድንበር ጠብ ሲሸመገል ቆማ አይታለች። አንድ ምላሳቸው የሚይዛቸው አዛውንት ተናግረው እስኪጨርሱ፣ ሕዝቡ ሁሉ ትንፍሽ ሳይል ጠብቋቸው ነበር።

ውቢት አንገቷን ደፍታለች። አስቴር ክንዷን ይዛታለች። ፀዳለ ያንን አየች፤ አሁንም ቀናች።

«ውቢት» አለች ቀስ ብላ፣ «አቋርጬሽ ነው። ቀጥይ።»

ውቢት ተነሳች። «ስለ ቅዳሜው ብቻ ልናገር?»

«አይ። ከወንድምሽ ጀምሪ።»

አስቴር ክንዷን አልለቀቀችም። ፀዳለም ቁጭ ብላ ማዳመጥ ጀመረች።