የተሰረዘው ሞለኪውል

የኬሚስትሪ መምህሩ ስክሪኑ ላይ ዓይኑን እንደተከለ ቀረ።

«ሌላኛውስ?»

«የቱ... ሌላኛው?» አለች የኮምፒውተር ባለሙያዋ።

ገጾቹን መምህሩ ራሱ ነበር ተማሪ ሳለ የሠራቸው። እያንዳንዱ ገጽ በመስመር ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በግራም በቀኝም በማውስ ሲጎትቱት የሚሽከረከር ሞለኪውል አለ። አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ግን አልከፍት ብለው አስቸገሩ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም «እስከ አርብ ካልታደሱ ይሰረዙ» አሉ። ማደሱ ለእሷ ተሰጣት።

ከዚያ ወዲህ መምህሩ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ አጠገቧ ይቀመጣል። ስለ አቶም እንጂ ስለ ሌላ አያወራም። እሷም ሥራውን ሆን ብላ ታንቀረፍፋለች። ገጾቹ ሲያልቁ እሱም መምጣቱን ይተዋላ!

ዛሬ የመጨረሻው ገጽ ነው።

«ተደግሞ የተጻፈ መስሎኝ አንዱን አጠፋሁት» አለች። «አቶሞቹን ቆጠርኩ፤ እኩል ናቸው። የተያያዙበትም ያው ነው።»

መምህሩ ብድግ ብሎ ወጣ።

ማዶ የተቀመጡት አንጋፋ ባልደረባዋ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ሙሽራ ጠፋ ተብሎ ሲኮረፍ አውቃለሁ። ሞለኪውል ጠፋ ተብሎ ሲኮረፍ ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

ልትስቅ ሞከረች፤ እንባዋ ቀደማት።

መምህሩ ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች ይዞ ተመለሰ።

«አሽትቺ።»

«ናና ነው።»

«ይሄኛውስ?»

«ይሄ... ናና አይደለም። ቅመም ቅመም ይላል።»

«ያጠፋሽውና የተውሽው ናቸው። አቶማቸው አንድ፣ ሽታቸው ለየቅል።»

«እንዴት ሆኖ?» ወንበሯን ሳበች።

«ቀኝ እጅሽን በግራሽ ላይ ደርቢ። ሁለቱም መዳፍ ወደ ታች።»

ደረበች። አንዱ አውራ ጣቷ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ሆነ። ደግማ ሞከረች፤ እምቢ አለ።

«ሞለኪውሎቹም እንደ እጆችሽ ናቸው፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው» አለ።

«እኔ ደግሞ ተቆጥተው የወጡ መስሎኝ...»

«ጠርሙስ ፍለጋ ነው የወጣሁት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ላሳይሽ ፈልጌ ሰበብ አጥቼ ነበር።» ጆሮው ቀላ። «ማጥፋት ከወደድሽ፣ ይህን አንቱታሽን አጥፊልኝ።»

አንገቷን ደፍታ ወደ ሥራዋ ዞረች። የጠፋውን ከድሮው ፋይል መልሳ አመጣችው። መሃል ላይ የነበረውን መስመር አነሳች፤ አንዱን ሲያዞሩት ሌላውም አብሮ እንዲዞር አደረገች። ሁለቱ ሞለኪውሎች ፊት ለፊት እየተያዩ ዞሩ።

«አለቀ» አለች። «ነገ እንግዲህ... ምን ልታይ ትመጣለህ?»

«አንቺን።»

ግራ መዳፉን በፊቷ ዘረጋ። ቀኝ መዳፏን ቀስ ብላ አስጠጋች። አውራ ጣት ከአውራ ጣት፣ ትንሿም ከትንሿ ገጠመች።

አንጋፋው ባልደረባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና መነጽራቸውን ፍለጋ ጠረጴዛቸው ሥር ገቡ። መነጽሩ ግን አፍንጫቸው ላይ ነበር።