በቀይ የተጻፈው ሚካኤል

«በቅሎዋ ተገጠበች?»

«ግራ ጎኗን ብቻ ነው።»

«እንግዲያ ቅቤ ቀባት።»

የምስጢር ቃል መሆኑ ነው። የፈጠሩት የግቢው ጸሐፊ አለቃ ሠረቀብርሃን ናቸው፤ ይኮሩበታልም። አፋቸውን ሞልተው ስለሚናገሩት የእንጦጦ ዝንጀሮ ሁሉ ሳያጠናው አልቀረም። ዲንሳ ግን የታዘዘውን መለሰ። ሰላይ ነዋ።

በሰም ጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት ከአለቃ ካባ ሥር ወጣ፤ ከበቅሎዋ ኮርቻ ሥር ገባ።

«እንዳትከፍተው» አሉ አለቃ። «ብትከፍተውስ ምን ይገባሃል! በል ሂድ።»

ጊዜው 1878 ዓመተ ምሕረት፣ የንጉሡ ግቢ እንጦጦ ላይ የነበረበት ዘመን ነው። ሙሴ ጋስቶኔ የሚባል ፈረንጅ የእንጦጦንና የየካን ተራሮች በካርታ ሊስል መጥቷል። ለዕውቀት ነው ይላል። ዕውቀት! ዕውቀት ፈላጊ ሰው መድፍ የሚያልፍበትን ስፋት ይለካል እንዴ?

የየካው ዲንሳ በቅሎ ነጂ ሆኖ ተቀጠረለት። የስለላ ስሙ «መጫኛ» ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ፈረንጁ ምሳውን በልቶ ሲያንኮራፋ አዲሱን ካርታ ይሰርቃል፤ ለአለቃ ይሰጣል። አለቃ ለግቢው ይገለብጡና ረቡዕ ይመልሱለታል። ዲንሳም ወረቀቱን ከቦታው ያስቀምጣል። መጫኛ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ከፀሐይ በታች አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም አለቃ ሠረቀብርሃን ናቸው።

ዲንሳ ከታዘዘው በላይም ይሠራ ነበር። ፈረንጁ የተራራን ከፍታ የሚለካው ውኃ አፍልቶ፣ ሙቀት የሚለካበትን የመስተዋት ዘንግ ነክሮ ነው። ዲንሳ ውኃው ውስጥ ጨው ይጨምርበታል፤ ጨው የገባበት ውኃ ይበልጥ ግሎ ስለሚፈላ ተራራው ዝቅ ያለ ይመስላል። እርምጃ ቁጠር ሲባልም ከመቶው አሥሩን ይውጣል። እንጦጦ ወረቀቱ ላይ በየሳምንቱ ዝቅ ሲል፣ ሸለቆው ወዲያና ወዲህ ሲንከራተት፣ የተማረው ሰውዬ ጺሙን እያሻሸ ይጽፋል።

አንድ መንገድ ግን ዲንሳ ጭራሽ አላሳየውም። ከዋሻው ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ተነስቶ፣ በገደሉ ስንጥቅ አልፎ ጠባቂ የሌለበት የተራራው ጫፍ ላይ የሚያወጣውን። የእህቱ የዲንቄ ቤት እዚያ መንገድ ላይ ነው። የሰፈሩ ምንጭም እዚያው ነው። ጦር በዚያ ከመጣ መጀመሪያ የሚረግጠው የዲንቄን ደጅ ነው። ዘብ ይቁምበት ብሎ ለአንድ ሰው ብቻ ነገረ፤ ለአለቃ። ዘቡ ግን እስከ ዛሬ አልቆመም።

ዝናብ መጣ።

ዲንሳ ከቋጥኝ ሥር ተጠለለ። የሰም ጨርቁ አፉ ላልቶ ኖሮ ውኃ ገብቶታል። ወረቀቱ ከራሰ ፈረንጁ ይነቃል። ሊያደርቀው ፈታው።

አነበበውም። የዋሻው ሚካኤል ቄስ በልጅነቱ ፊደል አስቆጥረውታል። በቅሎ ነጂ ያነባል ብሎ ማሰብ ግን ለአለቃ ውርደት ነው፤ ጠይቀውትም አያውቁም።

የፈረንጁ የእርሳስ መስመሮች እንደ ወትሮው ሁሉም ስህተት ናቸው። አዲስ የተጨመረ የቀለም መስመር ግን አለ።

መንገዱ ነው።

ስንጥቁ፣ ምንጩ፣ መድፉ በስንት በሬ እንደሚሳብ ሳይቀር። ከጎኑ በአማርኛ «የዋሻው ሚካኤል ጀርባ»፣ ራቅ ብሎ «ወደ ማርያም መውጫ» ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉ ሁሉ ጥቁር ነው። «ሚካኤል» እና «ማርያም» ብቻ ቀይ ናቸው።

ዲንሳ ብቻውን ሳቀ። ፈረንጁ ቀይ ቀለም የለውም። የቅዱሳንን ስም በቀይ የሚጽፍ የቤተ ክህነት ጸሐፊ ነው፤ ከልጅነት የተለመደ እጅ ነው። ወረቀቱም ያደረው አለቃ ዘንድ ብቻ ነው። ሰውዬው አገር ሲሸጥ እጁ አልተንቀጠቀጠም፤ የመልአኩን ስም በጥቁር መጻፍ ግን ኃጢአት ሆነበት። ከዚህ በኋላ አንቱታው ይቅር።

ሳቁ አልቆየም።

መስመሩ የተጨመረው ለፈረንጁ ከሆነ፣ ፈረንጁ ወረቀቱ የት ደርሶ እንደሚመጣ ያውቃል ማለት ነው። ያ ሁሉ ማንኮራፋት ውሸት ነበር። ዲንሳ የሰረቀ መስሎት ሁለት ወር ሙሉ ሲላላክላቸው ኖሯል። ጉድ እኮ ነው!

ወረቀቱን ቢያቃጥለው ያ ከሐዲ በሳምንቱ ሌላ ይስላል። ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ፊታውራሪ ፀሐዬ ችሎት ይዘው ከሚቀመጡበት ሜዳ ይዞት መውጣት። ግን እዚያ ቆሞ ምን ይላል? ሰላይ ነኝ ቢል ምስክሩ ማን ነው? ተከሳሹ!

ወረቀቱን ኮርቻው ሥር ከትቶ በቅሎዋን ወደ ላይ መለሳት።

«ዲንሳ! ወዴት?»

ሙሴ ጋስቶኔ ነው፤ ከታች፣ ጠመንጃ ይዞ። ወረቀቱ ቢዘገይበት ሊጠብቀው ወጥቷል።

ዲንሳ በቅሎዋን አጣደፋት።

ጥይቱ በቅሎዋን አንገቷ ላይ አገኛት። ዲንሳ ወረቀቱን ከኮርቻው ሥር መንጭቆ በጥዱ መሃል ሮጠ። ፈረንጁ ተከተለው። ሃምሳ እርምጃ ያህል ወጣና ጉልበቱን ይዞ ቆመ፤ ሳል ጀመረው። ወረቀቱ ላይ ዝቅ ያለው እንጦጦ እግሩ ሥር ዝቅ አላለለትም።

ዲንሳ ከሜዳው ሲደርስ ችሎቱ አልተበተነም። አለቃም ከጸሐፍቱ ጋር ተቀምጧል። ዲንሳ ከፊታውራሪ እግር ሥር ተደፍቶ ወረቀቱን ዘረጋ።

«ይህን ለፈረንጁ የጻፈው አለቃ ነው፣ ጌታዬ።»

አለቃ ከመቀመጫው እንኳ አልተነሳም። «የፈረንጅ አሽከር የፈረንጅ ሥራ ይዞ መጣ። እኔ ምን አገባኝ?»

«ጽሕፈቱ ያንተ ነው» አለ ዲንሳ።

በአንተታው ሜዳው አጉረመረመ።

«በቅሎ ነጂ ጽሕፈት ይመረምር ጀመር!» አለ አለቃ። ሰዉ ሳቀ።

ዲንሳ ወደ ፊታውራሪ ዞረ። «ጌታዬ፣ አንዲት መስመር ያጽፉልኝ። ‹የዋሻው ሚካኤል ጀርባ› ይበል።»

ፊታውራሪ በአገጫቸው አዘዙ። አለቃ ፈገግ እያለ ብራናውን ጭኑ ላይ አስተካከለ። ሰዉ እያየው እጁን አበላሽቶ መጻፍ የሚችል ሰው አይደለም፤ ኩራቱ መች ይፈቅድለታል? «የዋሻው» ብሎ በጥቁር ጻፈ። ብዕሩን ቀየረ። ከሌላው ቀንድ ነክሮ «ሚካኤል» ብሎ በቀይ ጻፈ።

ከዚያ ቆመ።

የገባው ያኔ ነው። ፊታውራሪ ብራናውን ወስደው ከካርታው ጎን አስቀመጡት። ሁለቱን ለረጅም ጊዜ አዩ።

«እጁ አንድ ነው» አሉ ፊታውራሪ። «ወረቀቱን ማን ያመላልስ ነበር?»

«እኔ» አለ ዲንሳ።

«በማን ትእዛዝ?»

«በአለቃ። ለግቢው የምሰልል መስሎኝ።»

ፊታውራሪ ወደ አለቃ ዞሩ። «እውነት ነው? ሰላያችን ነው?»

አንዲት ቃል ናት። ሰውዬው አልቆለታል፤ እውነቱን ቢናገር የሚጎድልበት የለም። አለቃ ሠረቀብርሃን ዲንሳን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ሰላይ? የምን ሰላይ? ፈረንጁ የሰጠኝ ተላላኪ ነው።»

ካርታው እዚያው ተቃጠለ። በገደሉ ስንጥቅ ላይ በዚያው ቀን ዘብ ቆመ። አለቃ በሰንሰለት ታስሮ ወህኒ ወረደ። ፈረንጁ የቀሩትን ካርታዎቹን ተሸክሞ ወደ ባሕር ተሸኘ፤ በጨው የተለኩትን ሁሉ ይውሰድ፣ ጦሩንም በዚያ ይምራ። ዲንሳ ወረቀቱን በገዛ እጁ ስላመጣ ከሞት ዳነ። አርባ ተገረፈና እንጦጦንና የካን ዳግመኛ እንዳይረግጥ ተፈረደበት።

በሦስተኛው ቀን ጀርባው እየነደደ ወደ የካ ወረደ። ከአገሩ የሚያስወጣው አጭሩ መንገድ በዲንቄ ደጅ የሚያልፈው ነው።

ዲንቄ እንስራዋን አዝላ ከምንጩ ስትመለስ አገኘችው። ወሬው ቀድሞታል። እንስራውን አወረደችና መንገዱ መሃል ቆመች።

«በዚህ አታልፍም።»

«ዲንቄ...»

«በዚህ የሚያልፍ የሰፈሩ ሰው ነው። አንተ በጌታህ በፈረንጁ መንገድ ሂድ።»

ሊነግራት አፉን ከፈተ። ምን ብሎ? የሚያውቅለት ሰው አንድ ነበር፤ እሱም ካደው። ዲንቄ ከእግሩ ፊት ምራቋን እንትፍ ብላ እስኪዞር ጠበቀች።

ዞረ። ሁሉም በሚያውቀው በረጅሙ መንገድ ግማሽ ቀን ተጓዘ። ወደ ማታ ወደ ምሥራቅ የሚሄዱ ሲራራ ነጋዴዎች አገኘ፤ ጭነት የሚያስር ሰው ቸግሯቸው ነበር። ስሙን ማንም አልጠየቀውም።