ሦስተኛው ዙር

ዴዝሞንድ ሄብደን ስልሳ ዓመት በሞላው ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ በድሮው የድንጋይ ካባ ግርጌ ሞቶ ተገኘ። ጓደኞቹ ጠዋት የደፉለት የወረቀት ዘውድ በዝናብ ርሶ ጆሮው ላይ ተለጥፏል።

ያገኘው አሞስ የሚባል ባለ በግ ገበሬ ነው። አሞስ ወደዚያ የወጣው ሰው ፍለጋ አልነበረም፤ ሊሳደብ ነው የወጣው። ድንጋይ አስደግፎ ሁልጊዜ ክፍት የሚተወውን የግጦሹን በር አንድ ሰው ዘግቶበት፣ በጎቹ ውሃቸው ጋ መድረስ አቅቷቸው ሲጮሁ ሰማ። በሩን ከፍቶ እየተራገመ ወደ ካባው አፋፍ ሲጠጋ አጥሩ ተሰብሯል። ወደ ታች አየ። ከዚያ በኋላ አልተራገመም።

ኢንስፔክተር ኦልዌን ጋርሳይድ መጀመሪያ አፋፉን አየች፣ ቀጥሎ በሩን፣ ቀጥሎ መሬት ላይ ወደ ጎን የተገፋውን ድንጋይ። ከዚያ ኮረብታውን ወርዳ «ሦስቱ ቁራዎች» ወደሚባለው መጠጥ ቤት ሄደች። ደጃፉ ላይ ሦስት ጥንድ ጭቃ የበላቸው ጫማዎች ተደርድረዋል። እሷም የራሷን አውልቃ፣ አውራ ጣቷ ጋ በተቀደደ ካልሲ ገባች። የባለቤቱን የባርናቢን ምንጣፍ በጭቃ ጫማ የረገጠ ሰው፣ ፖሊስም ይሁን ጳጳስ፣ እዚያ ቤት መጠጥ አይቀዳለትም።

የሟቹ ጓደኞች ሦስት ናቸው፤ አሊስተር፣ ዊኒፍሬድና ማርጆሪ። በየዓመቱ በዴዝሞንድ ልደት አራቱ አብረው ያንን ኮረብታ ይሄዳሉ። መንገዱ ላይ ሦስት መጠጥ ቤት አለ፣ «ሦስቱ ቁራዎች» የመጨረሻው ነው፤ በእያንዳንዱ ቤት ከሦስቱ አንዱ ለሁሉም አንድ ዙር ይጋብዛል። ባለ ልደቱ እጁን ኪሱ አይከትም። ይህ ደንብ ዝናብ ዘነበ ተብሎ አይቀርም።

ኢንስፔክተሯ አንድ በአንድ ወደ ጓዳ ክፍል አስጠራቻቸው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ አሊስተር ገና ሳይቀመጥ። ወፍራም፣ ፊቱ የቀላ፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው።

«በምን?»

«በአፌ! ሁለተኛው ቤት፣ ‹ማረሻው› ጋ፣ ዊኒ የጋበዘችውን ቢራ አልነካ አለ። ‹ሽማግሌው፣ በልደትህ ቀን ለቅሶ የተቀመጥክ አስመሰልከው እኮ› አልኩት። ‹ሦስተኛው ቤት ስንደርስ የምነግራችሁ ነገር አለ፤ ከዚያ በኋላ ማናችሁም አትጋብዙኝም› አለ። ተናደድኩ። ‹ገደል ግባ!› ብዬው ጥዬው ወረድኩ።» መዳፉን አፉ ላይ ጫነ። «ገደል ግባ አልኩት እኮ፣ ኢንስፔክተር።»

«በግጦሹ በር ገብተው ነበር?»

«አልገባሁም። በጋሪው መንገድ ነው የወረድኩት። እሱ እንደ ልማዱ ሸለቆውን ሊያይ ወደ ካባው እንደሚገባ አውቃለሁ። በሩ ሳልፍ ክፍት ነበር፤ ድንጋዩ ተደግፎ።»

«ቢዘጉትስ ኖሮ ምን ነበረበት?»

አሊስተር የተሰደበ ያህል አያት። «የገበሬ በር እንዳገኙት ነው የሚተውት! እኛ አገር ይሄንን ሕፃን ያውቀዋል። ክፍት ከሆነ ክፍት፣ ዝግ ከሆነ ዝግ።»

ዊኒፍሬድ በዱላ እያነከሰች ገባች። ስትቀመጥ ዱላው ከእጇ አመለጠና ወደቀ። አየችው እንጂ አላነሳችውም። ኢንስፔክተሯ አንስታ ሰጠቻት።

«አመሰግናለሁ የኔ እመቤት። ጎንበስ ማለት አልችልም፤ ዳሌዬ ውስጥ ብረት አለ። ጫማዬን እንኳን የምታስርልኝ ማርጆሪ ናት፣ በየጠዋቱ ቤቴ መጥታ። እህት ብትኖረኝ እንዲህ አትሆንልኝም።»

«ምን አግኝቶዎት ነው?»

«ዓምና፣ በዚሁ ልደት ቀን፣ ደክሞኝ ቀድሜያቸው በእግሬ ወደ ቤት ስሄድ መኪና ገጨኝ። ገጪው አልቆመም። ማን እንደሆነም እስከ ዛሬ አልታወቀም።»

«ሌሎቹስ ያን ቀን በምን ተመለሱ?»

«አሊስተር በአውቶቡስ። ዴዝሞንድ በማርጆሪ መኪና፤ እሱ መንዳት አያውቅም።» ዊኒፍሬድ መሀረቧን ጨመቀችው። «ተይው እሱን። የዛሬው ጥፋት የኔ ነው። ማርጆሪ ‹ሁለት ቢራ ጠጥቼ እንዴት ልቻለው፣ ቁጥቋጦ ፍለጋ ልቅደምሽ› ብላኝ ሮጠች። እኔ ቀስ እያልኩ ከኋላ መጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ዴዝሞንድን ልጠራው አሰብኩ፤ ተዘግቷል። ዘግቶት ወርዷል ብዬ አለፍኩ። ብከፍተው ኖሮ…»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች። ሐኪሙ ያላትን ታውቃለች፤ ዴዝሞንድ ወዲያው አልሞተም።

ማርጆሪ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ወንበር ጫፍ ላይ የምትቀመጥ ሴት ናት።

«ዊኒን መቼ ነው የምትለቋት? ብርድ ሲነካት እግሯ ይደርቃል። ያ ባርናቢ ትራስ እንኳን አላመጣላትም።»

«ዴዝሞንድን መጨረሻ ያዩት የት ነው?»

«‹ማረሻው› ደጃፍ። ከዚያ በጫካው አቋርጬ ወረድኩ።»

«ሊናገር ያሰበው ነገር ምን ነበር?»

«ስልሳ የሞላው ወንድ ምን ይናገራል? ስለ ወገቡ ነዋ! አሁን ትራሱን ታስመጪልኛለሽ ወይስ እኔ ልሂድ?»

ኢንስፔክተሯ ራሷ ሄዳ ባርናቢን ትራስ ጠየቀችው፤ እግረ መንገዷንም ሌላ ነገር ጠየቀችው። ባርናቢ ብርጭቆ እየወለወለ ሲመልስ የሚያወራው ነገር ክብደት አልታወቀውም። እሷ ግን ሰምታው ስታበቃ ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች።

ሁሉንም እሳቱ ዳር ሰበሰበቻቸው። አሞስም ቆቡን ይዞ በሩ ጋ ቆመ።

«ከሰው ሞት በኋላ ጥፋቱ የኔ ነው የማይል ሰው ጥቂት ነው» አለች። «አሊስተር ስለ አፋቸው አለቀሱ። ዊኒፍሬድ ስላልከፈቱት በር። አሞስ እንኳን ስለ አሮጌው አጥር ሦስቴ ይቅርታ ጠየቀኝ። አንድ ሰው ብቻ ስለ ራሱ ምንም አላለኝም። ያ ማስረጃ አይሆንም፤ ጆሮዬን ግን አቆመው።»

ማርጆሪ ትራሱን ከዊኒፍሬድ ጀርባ አስተካከለች።

«መጀመሪያ በሩን እንውሰድ። እናንተ የገበሬ በር የማትነኩ ሰዎች ናችሁ። ዛሬ አንዱ ነካው። ለምን? ወደዚያ መግባት አደገኛ እንደሆነ ስላወቀ። አደገኛ ያደረገው የተሰበረው አጥር ነው፤ አጥሩን የሰበረው ደግሞ የዴዝሞንድ ገላ ነው። ስለዚህ በሩን የዘጋው ሰው ዴዝሞንድ ሲወድቅ እዚያ ነበር።»

«አሞስ ራሱ ቢሆንስ?» አለ አሊስተር።

«በገዛ በጎቼ ላይ?» አሞስ ተቆጣ።

«አሞስ ቢዘጋው ኖሮ ማንም ልብ ባላለው ነበር፤ ተዘጋብኝ ብሎ የጮኸው እሱ ነው። ድንጋዩ ያለው መሬት ላይ ነው፤ ሳይጎነበሱ አይነሳም። ዊኒፍሬድ የራሳቸውን ዱላ ማንሳት አይችሉም። ሁለት ሰው ቀረ።» ወደ ባርናቢ ዞረች። «ሦስተኛውን ዙር ማን አዘዘ?»

«ማርጆሪ ናታ፤ ተራዋ ነበር።»

«ስታዝ እዚህ ማን ማን ነበር?»

«እሷና አሊስተር ብቻ።»

«ስንት ቀዳህ?»

«ሦስት። ለሁለቱ፣ ሦስተኛው ገና መንገድ ላይ ላለችው ለዊኒ።» ባርናቢ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አሊስተር ‹የባለ ልደቱስ?› ብሎ ጮኸባት። ‹ሲመጣ ይቀዳለታል፣ አረፋው ይጠፋል› አለችው።»

«የዊኒስ አረፋ አይጠፋም?» አለች ኢንስፔክተሯ በዝግታ። «ሁለቱም አልደረሱም። ለአንዷ ተቀዳላት፤ ልደቱ ለሆነው፣ ዙሩ ሁሉ በስሙ ለሚጠጣው ግን አልተቀዳለትም። አሊስተር ስለ ብርጭቆው የጠየቁት ይመጣል ብለው ስለጠበቁት ነው። ማርጆሪ፣ እርስዎ እንደማይመጣ አውቀዋል።»

ማርጆሪ እጇን ከትራሱ ላይ አነሳች።

«ዴዝሞንድ ዓምና ሊናገረው ያልቻለውን ሊናገር ነበር፤ ዊኒፍሬድን የገጨው የማን መኪና እንደሆነ። እርስዎ ነድተዋል፣ እሱ አጠገብዎ ተቀምጧል።»

ማርጆሪ የተመለከተችው ዊኒፍሬድን ብቻ ነው። «እጁን ያዝኩት። አትንገራት ብዬ ለመንኩት። ‹ከስልሳ በኋላ ይሄንን ተሸክሜ አልሄድም› አለኝ። ገፋሁት። እንዲወድቅ አልነበረም፤ አፉን እንዲዘጋ ነበር። ከታች ሆኖ ስሜን ጠራኝ። ‹መጣሁ› አልኩት።»

«ከዚያስ?» አለች ዊኒፍሬድ።

«በሩን ዘጋሁ። አንቺ ከኋላ እየመጣሽ ነበር፤ ፈልገሽው በዚያ ዱላሽ አፋፉ ጋ ብትሄጂስ ብዬ።»

«ለዚያ ነው በየጠዋቱ የምትመጪው? ስለገጨሽኝ?»

«መጀመሪያ ለዚያ ነበር፣ ዊኒ። በኋላ ግን ካልመጣሁ ቀኑ አይነጋልኝም ነበር።»

አሊስተር ተነስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አንድ ቢራ ቅዳ፣ ባርናቢ» አለ። «የሱን።»

ፖሊሶቹ ማርጆሪን ሊወስዷት ደጃፉ ላይ ጠበቁ። ዊኒፍሬድም ዱላዋን ተደግፋ ወጣች። ማርጆሪ የራሷን ጫማ ትታ፣ ማንም ሳይነግራት ተንበረከከችና የዊኒፍሬድን ጫማ አፉን ከፍታ ያዘችላት። ኢንስፔክተሯ ፖሊሱን በእጇ ከለከለችው።

ዊኒፍሬድ የጓደኛዋን አናት ቁልቁል አየችው። ግራ እግሯ ከልማድ ትንሽ ተነሳ። ከዚያ መልሳ መሬት አስቀመጠችው፤ ጫማዎቹን እዚያው ማርጆሪ እጅ ላይ ትታ፣ በካልሲዋ ጭቃው ውስጥ ገባች።