አርባ ግራም

ሙላቴን እንደገና አስመለሰው። ትዝታ አፉን ጠረገችለትና ልጁን ለእናቷ መልሳ አቀበለቻት። ከትናንት ወዲህ ስድስተኛ ጊዜው መሆኑ ነው። የዓመት ከሰባት ወሩ ወንድሟ አሁን ማልቀስ እንኳ ትቷል፤ ከማስመለሱ ይልቅ ዝምታው አስፈራት።

የደብረ ታቦር ብርድ የጤና ጣቢያውን ኮሪደር እንደ ልቡ ይመላለስበታል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሲስተር ሠናይት «የምታበሉትንም ይዛችሁ ኑ» ስላለቻቸው፣ ትዝታ የለውዝ ቅቤውን ጣሳ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች።

ከአምስት ቀን በፊት ሲስተር ሙላቴን መዘነችውና ፊቷ አልፈካም። ገንፎው ውስጥ በቀን አርባ ግራም የለውዝ ቅቤ እንዲጨመርለት አዘዘች። እናቷ ፈንታነሽ ለውዙን ቆልታ ፈጨች፤ ግን ቤታቸው ሚዛን የለም።

«ቀላል!» አለች ትዝታ።

ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ አነሳች። ጎኑ ላይ «የተጣራ ክብደት 400 ግራም» ይላል። በውስጥ በኩል በምስማር አስር እኩል መስመር ጫረችበትና በለውዝ ቅቤው እስከ አፉ ሞላችው። በቀን አንድ መስመር፣ አርባ ግራም! በሒሳብ ዘጠና ስድስት ያመጣች የስምንተኛ ክፍል ልጅ ይሄ ያቅታታል? እናቷ ጎረቤት ጠርታ እስከ ማሳየት ደርሳ ነበር።

አጠገባቸው የተቀመጠች ሴትዮ ያዘለችውን ልጅ ለማውረድ ስትታገል፣ «እስኪ ይችን ያዥልኝ፣ እናቴ» ብላ ፌስታል ሰጠቻት። ውስጡ ያልተከፈተ የዱቄት ወተት ጣሳ አለ፤ ያው ዓይነት፣ ያው 400 ግራም። ትዝታ በአንድ እጇ የሴትዮዋን፣ በሌላው የራሷን ያዘች።

አራት ቀን ከውስጡ የተበላው የራሷ ጣሳ ካልተከፈተው ይከብዳል።

እንደገና አነሳቻቸው። ያው ነው። ዱቄት ወተት እንደ አቧራ ቀላል ነው፤ የለውዝ ቅቤ ደግሞ እንደ ጭቃ ይከብዳል። ጣሳው የሚይዘው አራት መቶ ግራም ወተት እንጂ አራት መቶ ግራም ለውዝ አይደለም። ለውዝ ሲሞላበት ወደ ኪሎ ይጠጋል። እኔ ነኝ ያሳመምኩት፣ አለች በልቧ። እኔው ነኝ።

ማን ያውቃል? እናቷ ስለ ግራም አንድም ነገር አታውቅም። ሲስተርም ጣሳውን ካልመዘነችው ምንም አይታያትም። ትዝታ ክዳኑን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ዘጋችው።

«ፈንታነሽ! ግቡ።»

ሲስተር ሠናይት የሙላቴን ሆድ ዳሰሰች፤ ዓይኑን ገልጣ አየች። «በቀን ስንት ነው የምትሰጡት?»

«ያሉኝን ነው እንጂ! አርባ ግራም። የምትለካው ትዝታ ናት፤ ከሷ ስህተት አይገኝም።»

ሲስተር በረጅሙ ተነፈሰች። «እንግዲያው ለውዝ አልተስማማውም ማለት ነው። እኔ ክብደት የሚጨምረው በሱ ነው ብዬ ነበር። ይቋረጥ። ሌላ ችግርም ሊኖር ስለሚችል ባሕር ዳር እንዲያዩት ልጻፍላችሁ።»

«ባሕር ዳር?» የእናቷ ድምፅ ተሰበረ። «ልጄ ሊሞትብኝ ነው?»

ሲስተር ወረቀት ስባ ቀኑን ጻፈች። ትዝታ ጣሳውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። እናቷ ከእንግዲህ በምን ዓይን ታያታለች? አባቷስ? ጎረቤቱስ? ሙላቴ በእናቱ ትከሻ ላይ አንገቱን ጥሎ ወደ እሷ ያያል።

«ሲስተር፣ አይጻፉት» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «አርባ ግራም አልነበረም።»

ሲስተር እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሳች። «ስንት ነበር?»

«ከሁለት እጥፍ በላይ» አለች ትዝታ፣ ወደ እናቷ ለማየት ሳትደፍር።