በፌስታል የመጣው ወተት

ኢንስፔክተር ዓለምነህ ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል መንደር ሲደርስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በስብሷል። ክረምቱ የሩዙን ማሳና መንገዱን አንድ አድርጎታል። የአራት ወሩ ሕፃን መባ የሞተውም በዚሁ ውሃ መሀል፣ አባቱ የኔነህ አቅፎት ወደ ወረታ ጤና ጣቢያ ሲጣደፍ ነው። እናቱ ፀገነት ልጇን በመርዝ ገድላለች ተብላ ታስራለች። ማስረጃ የተባለው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ያመጣችው፣ ምንም ጽሑፍ የሌለበት አንድ ፌስታል ነጭ ዱቄት ነው።

ዓለምነህ ይህን እስር ገና ሲሰማው አልወደደውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ባይ ነው። ጠዋት እስር ቤት ገብቶ ጠይቋት ነበር።

«የሕፃን ወተት በቆርቆሮ ነው የሚሸጠው። አንቺ ለምን በፌስታል አደረግሽው?»

«ጎረቤቴ ቆርቆሮ በኤርፖርት ፍተሻ አያልፍም አለችኝ። ጡቴ ደርቋል፤ ወተቱን ቢቀሙኝ ልጄ ምን ይጠጣል ብዬ ገለበጥኩት። መስፈሪያ ማንኪያው ከነቆርቆሮው እዚያው ቀረ።»

«ፈታሾቹስ?»

«ዱቄቱን አዩት። የበጠበጥኩትን ጡጦ ቅመሺ አሉኝ፤ ቀመስኩ። ደግሞ የሕፃን ወተት አይከለከልም፣ ቆርቆሮውም ያልፍ ነበር አሉኝ።» እንባዋ ቀደማት። «እዚህ ስደርስ ለአማቴ በሻይ ማንኪያ ለክቼ አሳየኋቸውና ወረታ ሥራ ገባሁ። ከዚያ መንገዱን ውሃ ቆረጠው።»

አሁን ዓለምነህ በአማቷ በእማዋይሽ ቤት ቆሟል። አሮጊቷ የጀመሩትን ስፌት ከጎናቸው አኑረው መደብ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ጡጦውን አንስቶ ወደ ብርሃን አዞረው። የጎማው ጫፍ ቀዳዳ ከልኩ በላይ ሰፍቷል፤ ዙሪያው ግን ክብ ነው፣ ጥርስ ያኘከው አይመስልም። ለወር ይበቃል ተብሎ የመጣው ዱቄትም በሳምንቱ ተሟጦ ፖሊስ እጅ የገባው ትራፊው ብቻ ነው።

«ልጁ ያለቅስ ነበር፣ እናቴ?»

«ኧረ ምኑን ትጠይቀኛለህ! ጡጦውን ሲያይ ይንሰፈሰፋል። ጠጥቶም ያለቅሳል።»

«ከወተቱ ውጭ ውሃስ ሰጡት?»

«እናቱ ስድስት ወር ሳይሞላው ውሃ እንዳይቀምስ ብላለች። አደራ ነው፤ ጠብታ አላስነካሁትም።»

ዓለምነህ ጡጦውን አስቀመጠ። ነገሩ ገብቶታል፤ ምነው ባልገባኝ ብሎም ተመኘ።

በማግስቱ ፀገነትን በታንኳ አስመጣና ከባሏና ከአማቷ ጋር እዚያው ቤት ሰበሰባቸው።

«መርዝ የለም» ሲል ጀመረ። «ባሕር ዳር ተመርምሮ ዱቄቱ ወተት ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ከልጁ ደም ውስጥ ግን ሐኪሙ ከመጠን ያለፈ ጨው አገኘ።»

«ጨው ማን አበላው?» ብሎ ጮኸ የኔነህ።

«ማንም። ጨው ወተቱ ውስጥም አለ። ዱቄቱ በዝቶ ውሃው ሲያንስ የሕፃን ገላ አይችለውም። ዱቄቱ ቶሎ አለቀ፤ ስለዚህ አንድ ሰው ከተለካው በላይ ይጨምር ነበር። የወፈረው ወተት በትንሿ ቀዳዳ አልወርድ ስላለ ጎማው መበሳት ነበረበት። እንዲህ ክብ አድርጎ የሚበሳው ወስፌ ነው፤ በዚህ ቤት ስፌት የሚሰፋ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«እኔ ነኝ» አሉ እማዋይሽ ሳያመነቱ። «ያሳየችኝ እኮ ውሃ የመሰለ ወተት ነው! እዚህ ፎገራ እንኳን ለልጅ ልጅ፣ ለመንገደኛስ ቀጭን ወተት ይሰጣል? የላሜን ወተት ከልክላኛለች፤ ይኸንኑ ወፈር አረግሁለት። ባለቀሰ ቁጥር ራበው ብዬ ጨመርሁለት።»

«አልራበውም ነበር፣ እናቴ» አለ ዓለምነህ። «ጠምቶት ነው።»

የኔነህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዓለምነህ የፀገነትን ካቴና ፈታ።

እማዋይሽ ተነስተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት። «በል እሰረኝ፣ ልጄ።»

«ጉዳዩን ለዐቃቤ ሕግ አቀርባለሁ። ዛሬ ግን አላስርዎትም።»

«እሰረኝ እኮ አልሁህ!»

ፀገነት ቀርባ የአማቷን እጆች ይዛ ወደ ታች ልታወርዳቸው ሞከረች። አልወርድ አሏት።